ድድ ደማ ተብሎ ብሩሽ አይጣልም



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ መውረጃ ቦይ፣ ስለ ቆሻሻ አጣጣልና ስለ ማታ ጥበቃ መዋጮ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምንጽፈው ደጃፍ ላይ ስላለ ነገር ሳይሆን በያንዳንዳችን አፍ ውስጥ ስላለ ጉዳይ ነው፤ ስለ ጥርስና ስለ ድድ። «ማኅበሩ ደግሞ አፋችን ውስጥ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገባን ነገር አለ፤ ምክንያቱን ወረድ ብለን እንገልጻለን።

እንደሚታወቀው አብዛኛው ሰው ጥርስ እንዳለው ትዝ የሚለው ሲያመው ነው። እስኪያመው ድረስ ይበላበታል፣ ይስቅበታል፣ ክር ይበጥስበታል፣ ጠርሙስ ይከፍትበታል። ያመመው ዕለት ጉንጩን ይዞ ሲንቆራጠጥ ያድርና ጧት ተነሥቶ «ይነቀልልኝ» ብሎ ይሄዳል። ይነቀልለታል፤ ይገላገላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ጥርስ በተራው ይነሣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ገና በጉልማሳነቱ ቆሎ የሚበላው በዓይኑ ብቻ ይሆናል። «ጥርስ ባዳ ነው» ይባል የለ? ይህ የተባለው ሆድ እያዘነ ጥርስ ስለሚስቅ ነው። እኛ ግን የገዛ ጥርሳችንን የምር እንደ ባዳ ነው የያዝነው።

አሁን ልናተኩርበት የፈለግነው ከጥርሱ ይልቅ በድዱ ላይ ነው። ብሩሽ ገዝተው መጠቀም ጀምረው የተዉ ጎረቤቶቻችን ለምን እንደተዉ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ድዴን አደማኝ፣ ተውኩት»። አንዳንዱማ ጥርስ መታጠብ የማይስማማው ሰው እንዳለ አድርጎ ያወራል። ይህ አስተሳሰብ ጨርሶ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን። ሠፈራችን ውስጥ ጥርስ እያስነቀለ ያለው ከስኳር ቀጥሎ ይኸው አስተሳሰብ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ተሰባስበው ስስና የሚያጣብቅ ልባስ ይሠራሉ። ጧት ስንነሣ ጥርሳችንን በምላሳችን ብንዳስሰው የሚያሟልጨን እርሱ ነው። ልባሱ ለስላሳ ሳለ ብሩሽም መፋቂያም ያነሣዋል። ሳይነሣ ከቆየ ግን ምራቅ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር እየተዋሐደ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠጠር ይጀምራል። ውሃ ሲፈላበት የኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት እንደሚጋገርበት ማለት ነው። ከጠጠረ በኋላ ብሩሽ ቢፈትጉት አይነቃነቅም፤ የጥርስ ሐኪም በመሣሪያ ነው የሚያነሣው። ይህ ቅርፊት የሚበዛበትን ቦታ ማንም ሰው አሁኑኑ ሊፈትሽ ይችላል። ምላስን ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች በስተውስጥ በኩል ማሳረፍ ነው። ምራቅ የሚመነጭባቸው ቀዳዳዎች ከምላስ ሥር ስላሉ እዚያ ቶሎ ይጋገራል። ሸካራ ግድግዳ የመሰለ ነገር ከተገኘ እርሱ ነው።

ድዱ ይህንን ባዕድ ነገር ሲታገል ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ደሙ የሚመጣው ብሩሹ ስላቆሰለው ሳይሆን ብሩሽ ሳይደርስበት ስለከረመ ነው። ደማ ብሎ ብሩሹን የሚጥል ሰው ሌባ ሲገባ ውሻው ጮኸብኝ ብሎ ውሻውን እንደሚያባርር ሰው ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይዞ፣ ሳይጫኑ፣ ጧትና ማታ በደንብ ቢያጸዱት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይደማል። ከዚያ ቀለል ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ሁለት ሳምንት በትክክል ታጥቦም መድማቱ ካልቀነሰ ግን ወይ የጠጠረ ቅርፊት አለ፣ ወይም ሌላ ምክንያት አለ፤ ለሐኪም መታየት ያስፈልጋል።

ችላ ሲባልስ? ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ በመሐል ኪስ የመሰለ ክፍተት ይሠራል። ቆሻሻው እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ጥርሱን አቅፎ የያዘው አጥንትም እየተበላ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ሰውየው «ጥርሴ ረዘመ» ማለት ይጀምራል። ጥርሱ አልረዘመም፤ ድዱና አጥንቱ ሸሽተው ሥሩ ተጋልጦ ነው። የሸሸ አጥንት ደግሞ በብሩሽ አይመለስም። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውማ ድዱ ታሞም ላይደማለት ይችላል፤ ትንባሆው ምልክቱን ይሸፍንበታል። እንግዲህ ያለን ማስጠንቀቂያ ደሙ ብቻ ሆኖ ሳለ እርሱንም «አልተስማማኝም» ብለን ስንዘጋው ምን ይቀረናል?

ስኳር በሽታ ያለባቸው አባቶችና እናቶች ይህን ነገር ከሌላው ሰው ይበልጥ ልብ ማለት አለባቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ካልተስተካከለ ድድ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመ ድድም በበኩሉ ስኳሩን ለማስተካከል ያስቸግራል። እርጉዞችም እንዲሁ። በእርግዝና ወራት በሰውነት ውስጥ በሚመጣው ለውጥ ምክንያት ድድ በቀላሉ ያብጣል፣ ይደማል። «ጽንሱ ከጥርሷ ላይ ካልሲየም ወስዶባት ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ከመታጠብ ልትቆጠብ ሳይሆን ልትበረታ ነው የሚገባት፤ ክትትል ስትሄድም ስለ ድዷ ብትናገር ነውር የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የአፍ ውስጥ በሽታ እንዳለበት ገልጿል። ከዚህም ውስጥ ከ4ቱ 3ቱ የሚኖሩት መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ስለዚህ የእኛ ሠፈር ብቻ ጣጣ ነው ማለታችን አይደለም።

ከዚህ ላይ «እናንተ ደግሞ! ዳቦ በተወደደበት ጊዜ ማን ነው ስለ ጥርስ ሳሙና የሚያስበው?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ እንዲሁ ገፍተን አናልፈውም። ነገር ግን ሒሳቡን ረጋ ብሎ ማስላት ነው። ጥርስ ማስነቀል ያስከፍላል፣ ሥሩን ማሳከም ከዚያ ይበልጣል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከልማ የብዙዎቻችን ኪስ የሚደፍረው አይደለም። ከሥራ የሚቀርበት ቀን፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ቀን ሲታከልበት ጥርስን ያለመታጠብ ውድነት ይታያል። ደግሞስ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሳሙናው ሳይሆን እጃችን ነው። ልባሱን የሚያነሣው መፋተጉ ነው።

መፋቂያስ ምን ሆነ? መፋቂያ የባላገር፣ ብሩሽ የሠለጠነ ሰው ነው የሚለውን አባባል አንቀበለውም። የወይራና የክትክታ መፋቂያ አያቶቻችንን አገልግሏል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከሶላት በፊት አፋቸውን በእንጨት ሲፍቁ የኖሩት በሃይማኖታዊ ሥርዓት ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያን ደግፏል። ጉድለቱ ከእንጨቱ ሳይሆን ከአፋፋቃችን ነው። አብዛኛው ሰው መፋቂያውን ይዞ ከቤቱ እስከ ታክሲ ፌርማታ ድረስ የሚፍቀው ፊት ለፊት የሚታዩትን ጥርሶች ብቻ ነው። መንጋጋዎቹና የጥርሶቹ ውስጠኛ ገጽ እንጨቱን አይተውት አያውቁም። መፋቂያ ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ፀጉር መበተን አለበት። ከዚያ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ እየሳቡ፣ በውጭም በውስጥም፣ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ድረስ መሄድ ነው። ያረጀውን ጫፍ ቆርጦ ጥሎ አዲስ ማኘክ ነው እንጂ ለሳምንት አንድ ጫፍ ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር ደግ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሳንሸሽግ እንናገር፤ ኮልጌት እያልን በምንጠራው የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባው ፍሎራይድ መፋቂያ ላይ በበቂ መጠን አይገኝም። ፍሎራይድ የጥርስን ልባጥ ያጠነክራል፣ መቦርቦርን ይከላከላል። አቅም ያለው ጧት በመፋቂያ፣ ማታ በብሩሽና በሳሙና ቢያደርግ መልካም ነው። ሳሙና ሲገዙ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ እንዳለው ካርቶኑ ላይ ማየት ነው።

ብሩሹን ስለ መያዝ ጥቂት እንበል። ፀጉሩ ለስላሳ የሆነውን መምረጥ፤ «ጠንካራው በደንብ ያጸዳል» የሚባለው ድድን ያስሸሻል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ፀጉሩን ወደ ድዱ መጋጠሚያ ዘንበል አድርጎ በትንሽ በትንሹ ማንቀሳቀስ ነው፤ ምንጣፍ እንደሚያጥብ ሰው መፈተግ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ስንል ግን ሰዓት አይቶ ነው፤ በግምት ከሆነ ብዙዎቻችን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላን እንጨርሳለን። ሲጨርሱ አረፋውን ተፍቶ መተው ነው፤ ደጋግሞ በውሃ መጉመጥመጥ ፍሎራይዱን አጥቦ ይወስደዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህ የምሥራች ነው! አንድ ብርጭቆ ውሃ ለብሩሹም ለአፉም ይተርፋል፤ «ውሃ ጠፋ» የሚለው ምክንያትም በዚሁ ይቀራል። ብሩሹ ፀጉሩ ሲንጨባረር፣ ቢበዛ በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይለወጥ። አንድ ብሩሽ ለሦስት ልጅ የሚያካፍል ቤት እንዳለ ሰምተናል። ኧረ ተዉ! ድድ የሚደማ ከሆነ የሚካፈሉት ደም ጭምር ነው።

ከጧቱና ከማታው የትኛው ይበልጣል ለሚለን የማታውን እንላለን። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ይቀንሳል፤ አፍን የሚያጥበው ምራቅ ነውና ቆሻሻው ሌሊቱን ያለ ተቆጣጣሪ ያድራል። በጾም ወራት ጧት አፉን በሳሙና መታጠብ የሚከብደው ምእመንም የማታው ከጾሙ ጋር አይጋጭበትም። በጥርስ መሐል የገባውን በተመለከተ ደግሞ ጥብስ ከበሉ በኋላ ስቴኪኒ መያዝ ክፋት የለውም፤ ቀስ ተብሎ ከሆነ። ድድ ውስጥ እየሰገሰጉ ማድማት፣ ይባስ ብሎም በክብሪት እንጨትና በመርፌ መጎርጎር ግን መቅረት አለበት። የጥርስ ክር በፋርማሲ ይገኛል፤ ለለመደው ከስቴኪኒ ይሻላል።

ወደ ልጆቻችን እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ነው። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቅ የለ?» እየተባለ የሕፃናት ጥርስ ሲጠቁር ዝም ይባላል። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ እስኪወልቅ ድረስ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ይዞ ይጠብቃል። ያለጊዜው ከተነቀለ አጎራባቾቹ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ይጋደማሉ፤ ቋሚው ሲመጣ መውጫ አጥቶ ተጣሞ ይወጣል። ይህንን የሚያውቅ ወላጅ እንኳ የማያስተውለው አንድ ነገር ግን አለ። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ ሁሉ ኋላ፣ ከላይና ከታች፣ በግራና በቀኝ አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ይወጣሉ። እነዚህ የማንንም ጥርስ ቦታ ተክተው ስላልወጡ፣ ከፊታቸውም የወለቀ ስለሌለ፣ እናት የወተት ጥርስ ይመስሏታል። ቋሚ ናቸው! ሌላ ተተኪ የላቸውም። ገጻቸው ጉድጓዳማ ስለሆነ ምግብ ይይዛሉ፤ ከአፍ ዳር ስላሉ ብሩሽ አይደርስባቸውም፤ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ የሚቦረቦሩትም ለዚህ ነው። እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ የ6 እና የ7 ዓመት ልጅ ያላችሁ ሁሉ በሞባይል ስልካችሁ መብራት አፉን ከፍታችሁ እዩለት።

ልጁ የጫማውን ክር በራሱ አሳምሮ ማሰር እስኪችል፣ ማለትም እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱ ድረስ ጥርሱን የሚያጥበው ትልቅ ሰው መሆን አለበት። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ለሆነ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ሙሉ መሸፈን ለሻጩ ነው የሚጠቅመው።

ስኳርን በሚመለከት ሰዎች የማይገነዘቡት፣ ከብዛቱ ይልቅ ድግግሞሹ መጉዳቱን ነው። ጣፋጭ ነገር አፍ በገባ ቁጥር ተሕዋስያኑ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አሲዱ ጥርሱን ይበላል። ቡናችንን እንመልከት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በያንዳንዱ ስኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር እየተጨመረ፣ ጨዋታው ደርቶ ቀስ እየተባለ ሲጠጣ ጥርሱ ከሰዓቱን ሙሉ አሲድ ውስጥ ይዋኛል። ቡና ይቅር ብለን ከእናቶች ጋር አንጣላም! ስኳሩ ግን ይቀነስ። በጨው የሚጠጡም አሉ፤ ጣዕሙ ለለመደው ግሩም ነው ይባላል። ጫት የሚቅሙ ወጣቶችም ጉንጫቸውን ወጥረው ስኳርና ለስላሳ ሲያስከትሉበት ድዳቸው ላይ ምን እየሠሩ እንደሆነ ቢያስቡበት መልካም ነው። ድድ ማስጫ በሚሉት ማዕዘን ቆሞ ለመዋልም እኮ የሚሰጣ ድድ ያስፈልጋል። በሕፃናት በኩል ደግሞ በጡጦ ስኳር ያለበት ወተት ወይም ሻይ አፉ ላይ አድርጎ ማስተኛት የፊት ጥርሶቹን ገና በሁለት ዓመቱ አጥቁሮ ይቆራርጣቸዋል።

ስለ ልማድ መድኃኒቶች ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ክፋት የለውም። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥም ያበጠ ድድን ያስታግሳል። አስፕሪን ድድ ላይ መለጠፍ ግን ድዱን ያቃጥለዋል። በከሰልና በአመድ መፈተግ፣ በሎሚ ማሸት ጥርስ ያነጣ ይመስላል፤ የሚያነሣው ግን የጥርሱን ልባጥ ነው፤ እርሱም ተመልሶ አይበቅልም። የአስተናግር ፍሬ አጭሶ «ትሉን ማውጣት» የሚባለው ደግሞ አደገኛ ነው፤ ተክሉ መርዛም ነው፣ ጥርስ ውስጥም ትል የለም። «ግግ ነው» እየተባለ የሕፃን ድድ የሚበጣው ነገር ከሁሉ ይብሳል። በምላጭ የሚነካው ከሥር እያደገ ያለው ጥርስ ነው፤ ሕፃኑ በደም መፍሰስ፣ በቴታነስና በሌላም በሽታ ሊሞት ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው በሠፈራችን ካለ እንዲያቆም ፊት ለፊት እንነግረዋለን።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከባቱ የመጡ ጎረቤቶቻችንን ጥርስ አይቶ «አይታጠቡም» የሚል አንዳንድ ሰው አለ። ነውር ነው። በእነዚያ አካባቢዎች በብዙ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከልክ በላይ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሰው በልጅነቱ፣ ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ፣ ያንን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ ከውስጥ ስለሆነ በመታጠብ አይለቅም። ለጠቀሜታው ያመሰገንነው ማዕድን ሲበዛ የሚያመጣው ይህን ነው።

ቤት ውስጥ የማይሞከረውን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። ፊት ወይም የአገጭ ሥር አብጦ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ለነገ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው። እብጠቱ ወርዶ የመተንፈሻን መንገድ ይዘጋል። አፍ ውስጥ ያለ ቁስል ከሁለት ሳምንት በላይ ካልዳነ፣ የአዋቂ ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ድድ መግል ካወጣ መታየት ነው። አሞክሲሲሊን በራስ ሥልጣን ገዝቶ መዋጥ ሕመሙን ያደበዝዛል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍነውም።

አሁን ማኅበሩን ወደሚያገባው ጉዳይ እንመለስ። በየዓመቱ በልጆች ቀን ከማኅበሩ ካዝና ወጪ እየተደረገ ለልጆች ከረሜላና ለስላሳ ይታደላል። በእኛ አስተያየት ከሚቀጥለው ዝግጅት ጀምሮ በከረሜላው ፋንታ ለያንዳንዱ ልጅ ለስላሳ ፀጉር ያለው የልጅ ብሩሽ ቢሰጥ፣ ለመብሉም ዳቦ፣ ቆሎና ብርቱካን ቢቀርብ ይሻላል። ልጆቹ መጀመሪያ ፊታቸውን ያጨፈግጉ ይሆናል፤ ኳሱና ሙዚቃው ግን እንዳለ ነው። ባለ ሱቆቻችንንም የምንጠይቀው አለ። ከረሜላው በልጅ ዓይን ልክ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ፣ ብሩሹ ከልብስ ሳሙናው ኋላ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ቦታ ይለዋወጡልን። ሐሳቡ ለወሩ ስብሰባ ይቀርባል፤ የሚቃወም ሁሉ መጥቶ ይናገር። የልጆቻችሁን ቁጥርና ዕድሜ ግን ከስብሰባው በፊት ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ ብሩሹ የሚገዛው በዕድሜያቸው ልክ ስለሆነ።